የዝይዋን ፊልም የተረጎምኩት እኔ ነኝ

ናዝሬት ውስጥ በዚያን ዘመን ልጅ የነበረ ሰው የዝይዋን ፊልም ያስታውሳል። የገና ዕለት፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ በቀበሌያችን አዳራሽ። ዛሬ አድገው፣ ወልደው፣ መንገድ ላይ ሲገናኙ «ያቺ ዝይ ትዝ ትልሃለች?» ይባባላሉ። ዝይዋን አይረሷትም። ድምፁ የማን እንደነበረ ግን ጠይቋቸው። «የሆነ ሰውዬ ነበር፣ በማይክ የሚያወራ» ይሏችኋል። የሆነው ሰውዬ እኔ ነኝ። መርዳሳ እባላለሁ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ይህን ቀድሜ የምናገረው ሌላ ሰው በአሽሙር እንዳይነግራችሁ ብዬ ነው።

ፊልም ማሳየት የጀመርኩት በጃንሆይ ጊዜ ነው። በላንድሮቨር እየዞረ ለገበሬው የጤና ፊልም የሚያሳይ መሥሪያ ቤት ነበር፤ እዚያ ጄኔሬተር ተሸካሚ ሆኜ ተቀጠርኩ። አንድ ቀን መቂ ላይ የወባ ፊልም ልናሳይ ሸራ ወጥረን፣ ሕዝቡም ተሰብስቦ፣ ኦፕሬተሩን ራሱን ወባ ጣለው። ተርጓሚውም እሱ ነበር። ሰው ከሚበተን ብዬ የፊልም ማሽኑን አስነሳሁ፣ ማይኩንም ያዝኩ። እንግሊዝኛ አላውቅም። ግን ትንኟ ስትመጣ «መጣች»፣ ስትነክስ «ነከሰችው!» ለማለት ምን እንግሊዝኛ ያስፈልጋል? አንዴ በአማርኛ፣ አንዴ በኦሮምኛ እያደረግሁ ሳወራ ገበሬው በሳቅ ሞተ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ኦፕሬተርም ተርጓሚም እኔ ሆንኩ። በመዝገብ ላይ ግን እስከ መጨረሻው «ተሸካሚ» እንደተባልኩ ቀረሁ።

አብዮቱ ሲመጣ መኪናው ቆመ። ማሽኑ ለቀበሌያችን አዳራሽ ተሰጠ፤ እኔም አብሬው ተሰጠሁ ማለት ይቻላል። ቅዳሜ ቅዳሜ የትራክተርና የግድብ ፊልም አሳይ ነበር። ሰው የሚመጣው የቀረ ሰው ስሙ ስለሚያዝ ነው። እነሱ ሲያዛጉ እኔም አዛጋለሁ።

በ1972 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ ሲስተር የሺዓለም በነጠላ የጠቀለለችው ክብ ቆርቆሮ ይዛ አዳራሹ መጣች።

ሲስተር የሺዓለም አዋላጅ ነርስ ነበረች። የሰፈሩን ልጆች ግማሹን የተቀበለችው እሷ ናት፤ የኔንም ሁለቱን። ባሏ ሞቶባት፣ አንዲት ልጇን ሣራን ይዛ ትኖር ነበር። ጴንጤ ናት። ጸሎት ቤታቸው ከኛ አዳራሽ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ነበር፤ በዚያ ዓመት በሩ ታሽጎ፣ አግዳሚ ወንበሮቹ ተለቅመው እኛ አዳራሽ ገቡ። ቅዳሜ ለስብሰባ ሲመጡ በገዛ ወንበራቸው ላይ በቀበሌ ትእዛዝ ይቀመጡ ነበር። ሲስተርን ፊት ለፊት «እርስዎ» እላታለሁ፤ እሷ «አንተ» ትለኛለች። በዕድሜ ከአራት ዓመት በላይ አትበልጠኝም። ይህንን ማንም ልብ ብሎት አያውቅም፤ እኔ ግን ልብ ብዬዋለሁ።

«መርዳሳ፣ ይህንን ማሽንህ ያጫውተዋል?» አለችኝ።

ቆርቆሮውን ከፍቼ አየሁት። «ያጫውተዋል። የምን ፊልም ነው?»

«ካርቱን ነው። ለቤተሰብ፣ ለገና ተብሎ የተሠራ። ወንጂ ሳለሁ እመቤቴ አገሯ ስትገባ የሰጠችኝ ነው።»

በወጣትነቷ ወንጂ፣ ሆላንዶቹ ቤት ሞግዚት ነበረች። ቋንቋቸውን አስተማሯት፤ ነርስ እንድትሆንም ትምህርት ቤት ላኳት። የኔም አባት ለነዚያው ሆላንዶች ሸንኮራ ሲቆርጥ ነው ያረጀው። እሱ ያተረፈው የጀርባ በሽታ ነው።

የአዳራሹን መስኮቶች በስኳር ጆንያ ሸፍነን ለሁለታችን ብቻ አጫወትኩት። ገና ሲጀምር አወቅኩት። ልጅ ሆኜ በፈረንጆቹ ክበብ የሽቦ አጥር ላይ ተንጠልጥዬ አየው ነበር፤ ዘበኛው ሁልጊዜ መሀሉ ላይ በአለንጋ ያባርረናል። መጨረሻውን ያየሁት ያን ቀን፣ በሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው። እሷ ያኔም አጥሩ ውስጥ ነበረች፤ የፈረንጅ ሕፃን ታቅፋ፣ ወንበር ላይ። ይህንን አልነገርኳትም። ለራሴ አስቀመጥኩት።

ፊልሙ እንዲህ ነው። አንዲት ወፍራም ነጭ ዝይ አለች። ለበዓሉ ልትታረድ ነውና ጌታዋ ቢላዋ ይስላል። ታመልጣለች። ሰማዩ በረዶ ያወርዳል፤ ዝይዋ በዚያ ነጭ ነገር ውስጥ እየተንገዳገደች በየበሩ ታንኳኳለች። ዳቦ ጋጋሪው ያባርራታል፣ ሀብታሟ ሴትዮ መጥረጊያ ታነሳባታለች፣ ፖሊሱ ፊሽካ ይነፋባታል። በመጨረሻ አንድ በረት ትገባለች። በረቱ ውስጥ ፋኖስ አለ፣ አህያ አለ፣ ገለባ ላይ የተኛ ሕፃን አለ። ሕፃኑ በብርድ ይንቀጠቀጣል። ዝይዋ ክንፏን ዘርግታ ታለብሰዋለች። ሊያርዳት እየተከተለ የመጣው ጌታዋ በሩ ላይ ደርሶ ይህንን ሲያይ ቢላዋውን ይጥላል፣ ባርኔጣውን ያወልቃል። አለቀ። ሃያ አምስት ደቂቃ።

ጆንያውን ሳነሳ ሲስተር ዓይኗን ትጠርግ ነበር።

«ልጆቻችን ገናን የሚያከብሩበት ቦታ የላቸውም» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እዚህ ቢያዩት ማንም ምንም አይልም፤ ተረት ነው። አንተም እንደፈለግህ አድርገህ ተናገረው። አንድ ነገር ብቻ፤ የሕፃኑን ስም አትጥራ።»

«ማነው ሕፃኑ?» አልኳት፤ ማን እንደሆነ ጠፍቶኝ አይደለም።

«አንተ ማን ብትለው ይሻላል?»

«የዘበኛ ልጅ።»

ሳቀች። «ይሁን፣ የዘበኛ ልጅ። ስሙ ከተጠራ ግን አለቅን፤ እኔም፣ ልጆቹን የሚያመጡትም። እሺ?»

«እሺ» አልኩ።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ቀነዓ ይባል ነበር። ቀልድ የሚወድ፣ ግን ከቀለደ በኋላ ደንግጦ ዙሪያውን የሚያይ ሰው ነው።

«ያ መርዳሳ፣ ዝይ ምን ትሠራልናለች?» አለኝ፣ በኦሮምኛ ጠርቶኝ፣ ፈቃድ ልጠይቅ ስሄድ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ዝይዋ ጭቁን ናት። ባላባቱ ሊያርዳት ነው።»

«አመለጠች?»

«አመለጠች።»

«እንግዲያው ትታይ።»

ቀነዓ ሞኝ አይደለም። እናቱ ጾም የማያልፋቸው አሮጊት ናቸው። የገና ዕለት ገለባው ላይ የተኛውን ሕፃን ሲያይ ወደኔ ዞሮ ነበር፤ «የዘበኛ ልጅ ነው» ስል ወደ ሸራው ተመለሰ። አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠው ትልቅ ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር። ግን ያልተጠራ ስም አይከሰስም።

እና የዚያን ዓመት ገና፣ ልንገራችሁ፣ እኔ የምሠራውን ሠራሁ። ዝይዋን «ወይዘሮ ድንቡሼ» አልኳት። ዳቦ ጋጋሪው በር ላይ ስትደርስ «የቀበሌ መታወቂያ አምጪ!» አስባልኩት። ፖሊሱ ፊሽካ ሲነፋ «ቁሚ! ይለፍ ወረቀትሽን አሳዪ!» ስል ቀነዓ ራሱ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ከዚያ ደንግጦ ዙሪያውን አየ። አንዲት ሕፃን ከፊት ተነስታ «ጋሼ፣ ነጩ ምንድነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ወንጂ ሸንኮራ ሲቃጠል ንፋሱ ጥቁር ዓመድ እያመጣ ናዝሬት ድረስ በተሰጣ ልብስ ላይ እንደሚጥል ሁሉም ያውቃል። «እነሱ አገር ሸንኮራው ሲቃጠል ዓመዱ ነጭ ነው» አልኳት። አዳራሹ ተናጋ። በረቱ ጋ ስደርስ ድምፄን ዝቅ አደረግሁ። ዝይዋ ክንፏን ስትዘረጋ ምንም አላልኩም፤ ማይኩን ከአፌ አራቅሁት። ዝም ማለትም ሙያ ነው። ያኔ የእናቶቹ ለቅሶ ይሰማ ነበር።

በ73፣ በ74ም እንደዚሁ። ከወንጂ፣ ከመልካሳ ሁሉ ልጆቻቸውን ይዘው መምጣት ጀመሩ። ፊልሙ ሲያልቅ ሲስተርን ከበው እያቀፉ ይስሟታል። እኔ ማሽኑን እያበረድኩ እቆማለሁ። በኔ በኩል የሚያልፈው «ደህና ዋል» ይለኛል። አንድ ሰው፣ አንድ እንኳን፣ «መርዳሳ፣ ጥሩ ተናገርክ» ያለኝ የለም። ምን ያስወጣው ነበር?

እንግዲህ 75 መጣ። ገና ሦስት ቀን ሲቀረው አዳራሹ ውስጥ ሌንስ ስወለውል ከመስኮቱ ውጭ ልጆች ሲጫወቱ ሰማሁ። የዝይዋን ጨዋታ ነው። አንዷ «ቁሚ! ይለፍ ወረቀትሽን!» ትላለች። ደስ አለኝ፣ መወልወሌን ትቼ ጆሮዬን ሰጠሁ። ከዚያ የሲስተር ልጅ የሣራ ድምፅ መጣ፤ ስምንት ዓመቷ ነው ያኔ።

«እንደሱ አይልም ፖሊሱ። ውሸት ነው።»

«ይላል! ጋሼ መርዳሳ ብሏል!»

«እማዬ ምን አለች መሰለሽ? ‹ሥዕሉን እዩ፣ ሰውዬውን አትስሙት። እሱ የሚለውን አያውቅም› አለች። እኔ ዘንድሮ ጆሮዬን ነው የምይዘው።»

ጨርቁ ከእጄ ወደቀ። ቤት ገብቼም አልለቀቀኝም። ባለቤቴ አሳየች ሽንኩርት እየከተፈች ነበር።

«አሳየች፣ እኔ የምለውን አላውቅም እንዴ?»

«የቱን?»

«የዝይዋን ፊልም።»

«ሆላንድኛ መቼ ተማርክ? ያቺ የወባ ትንኝ ናት ያስተማረችህ?»

«አትቀልጂ። ሲስተር ለልጇ ውሸት ነው ብላታለች።»

«ታዲያ ውሸት አይደለም? የዘበኛ ልጅ ነው ስትል የከረምከው አንተ አይደለህም? እናት ለልጇ እውነቱን ብትነግር ምን አጠፋች?»

«‹ሰውዬውን አትስሙት› ነው ያለችው። ሰውዬውን!»

«ሰው አይደለህም? ሰውዬ ብትባል ምን ይልሃል?» ብላ ዓይኗን በክንዷ ጠረገች። «ሂድ እባክህ፣ ከዚህ ሽንኩርት የባስክ ነህ።»

ልክ ነበረች። ያኔ ግን እሷንም ከነሱ ጋር ደመርኳት።

የገና ዕለት አዳራሹ ጢም ብሏል። ቀነዓ በር ላይ ጠበቀኝ፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ዛሬ ቀልዱን ቀነስ አድርግ መርዳሳ። ከአውራጃ እንግዳ መጥቷል። ሳይነግረን ነው የመጣው።»

እንግዳው ከፊት ለብቻው በመጣ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ በዚያ ሙቀት ካፖርቱን አላወለቀም። ከጀርባው በጸሎት ቤቱ አግዳሚዎች ላይ የሲስተር ሰዎች ልጆቻቸውን ይዘው ተደርድረዋል፤ አርባ የሚሆኑ ልጆች። ሲስተር በማሽኑ በኩል ስታልፍ እንግዳውን አይታ፣ ወደኔ ጠጋ ብላ አንዲት ቃል ብቻ ተናገረች፤ «አደራ።»

አደራ ከባድ ቃል ነው፤ የገዛ እህቴ ብትለኝ ኖሮ እንባዬ ይመጣ ነበር። ያን ቀን ግን የሰማሁት እመቤት ለአሽከሯ ስታዝ ነው።

ጀመርኩ። መጥፎ አልተናገርኩም፣ እንዲያውም ጥሩ ተናገርኩ። ቀልዱን ቀነስኩ፤ እንግዳው አልሳቀም፣ አልተቆጣምም። ዳቦ ጋጋሪው አለፈ፣ ሴትዮዋ አለፈች፣ ፖሊሱ አለፈ። ከሸራው የሚመለሰው ብርሃን የልጆቹን ፊት ያሳያል። ሣራ የመጀመሪያው አግዳሚ ጫፍ ላይ ናት። ዓይኖቿ ሸራው ላይ ተተክለዋል። ሁለት እጆቿን ጆሮዎቿ ላይ ግጥም አድርጋለች።

ዝይዋ የበረቱን በር በክንፏ ገፋችው። «የዘበኛው ልጅ ተኝቶ ነበር» ማለት ነበረብኝ። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር፤ ሦስት ዓመት ያልኩት ነው፣ ተኝቼም እለዋለሁ። ልጅቷን እያየሁ፣ ማይኩን ወደ አፌ አስጠግቼ፣ እንዲህ አልኩ፦

«ወይዘሮ ድንቡሼም በሩን ከፍታ ገባች። በገለባው ላይ ሕፃኑ ኢየሱስ ተኝቶ ነበር።»

ከዚያም እንዳመለጠው ሰው አፌን በእጄ ያዝኩ። ይህንን ማንም አያውቅም። እጄን ወደ አፌ የወሰድኩት አስቤበት ነው።

ምን ፈልጌ ነበር? ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄዋለሁ። እንድትደነግጥ ነው። ላብ እንዲያጠምቃት፣ ዞራ እንድታየኝ፣ ፊልሙ ሲያልቅ «መርዳሳ፣ በሞቴ ሁለተኛ እንዳትለው» ብላ እንድትለምነኝ። እንግዳው አላስተዋልኩም ብሎ ያልፈዋል፣ ቀነዓ ሳል ሳል አድርጎ ያድበሰብሰዋል ብዬ ነበር። ምናልባትም ያልፈው ነበር። ግን ስሙ ሲጠራ እነዚያ ልጆች ለሦስት ዓመት በየቤቱ ተደብቀው የለመዱት ነገር አለና፣ አርባዎቹም በአንድ ድምፅ፣ «አሜን» አሉ።

እንግዳው ተነሳ። «መብራት!»

ቀነዓ ጆንያዎቹን ከመስኮቱ ሲገነጥል ፀሐዩ ገብቶ ሸራውን አጠፋው። ዝይዋ በደብዛዛው ክንፏን ትዘረጋለች። ማሽኑን ማቆም እንኳ ረሳሁ።

«በአብዮት አዳራሽ የመጤ ሃይማኖት ስብከት!» አለ እንግዳው። «የማን ነው ፊልሙ?»

እኔ አፌን እንደያዝኩ ነኝ። ሲስተር ተነሳች።

«የኔ ነው።»

«እሱስ?» ብሎ ጣቱን ወደኔ ቀሰረ።

«እሱ ምንም አያውቅም» አለች። ድምፅዋ ምጥ ላይ ያለችን ሴት ስታረጋጋ የምታወጣው ድምፅ ነው። «የተማረው እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ የፊልሙን ቋንቋ አይችልም። እኔ የነገርኩትን ነው የሚደግመው።»

እንግዳው ከላይ እስከ ታች አየኝ። «በቀቀን ነህ በለኛ!» አለ። ከኋላ አንድ ሁለት ሰው ሳቀ።

በዚያች ንግግር ዳንኩ። ግማሽ ሰዓት ጠይቀውኝ ለቀቁኝ። ሲስተርን በላንድሮቨር ጫኗት፤ ቆርቆሮውንም አብረው። እኔ ደግሞ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ያን ሌሊትም፣ ያን ወርም ሳብሰለስል የከረምኩት መዳኔን አልነበረም። «በሕዝብ ፊት አራተኛ ክፍል አለችኝ» እያልኩ ነው።

የሲስተር እህት ከመቂ እስክትመጣ ድረስ አሳየች ሣራን ወደኛ ቤት አመጣቻት። ሦስት ሳምንት ከልጆቼ ጋር ቆየች። ብዙ አትናገርም። አንድ ቀን ምሳ ላይ ጉርሻዋን ሳትውጥ ቀና ብላ አየችኝ።

«ጋሼ፣ እማዬን የወሰዷት እኔ ጆሮዬን ስለያዝኩ ነው?»

አሳየች እጇ ወጡ ላይ ቀረ። «ጆሮዋን ይዛ ነበር እንዴ?» ብላ አየችኝ።

«አይደለም» አልኳት ልጅቷን። «ብይ።»

ያን ቀን ያልኩት ይኸው ነው። ከዚያ በላይ ማለት እችል ነበር። «አይደለም ልጄ፣ እኔ ነኝ» ለማለት ስንት ትንፋሽ ይፈጃል?

በተከታዩ ዓመት ገና፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ አንዳንድ የማያውቁ ልጆች አዳራሹ በር ላይ መጥተው ቆሙ። ተዘግቷል አልኳቸው። የጸሎት ቤቱ ሰዎች ልጆቻቸውን በዚያ መንገድ እንኳ አያሳልፉም ነበር።

ሲስተር የተፈታችው በ76 ነሐሴ ላይ ነው፤ ዓመት ከሰባት ወር ታስራ። ጎረቤቱ ሁሉ «እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ» ሊላት ሲጎርፍ እኔ ሁለት ቀን ዘገየሁ። በሦስተኛው አሳየች ዳቦ ጋግራ አሸክማኝ፣ ፊት ፊት እየሄደች ወሰደችኝ።

ከስታለች። ጸጉሯ ሸብቷል። ቤቱ ሰው በሰው ነው። በር ላይ ልቀመጥ ስል አየችኝ።

«መርዳሳ! ና፣ ወዲህ ና። አጠገቤ ተቀመጥ።»

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ቤት ከፊት ተቀመጥኩ።

«ገና ሲደርስ» አለች ለሰዉ፣ «አብረውኝ የታሰሩት ሴቶች ‹ሲስተር፣ ተረት ንገሪን› አሉኝ። የዝይዋን ነገርኳቸው። ‹ይለፍ ወረቀትሽን አሳዪ!› ስል ጠባቂዋ ሳትቀር ሳቀች። ወይዘሮ ድንቡሼን ለመስማት ከሌላው ክፍል ሁሉ ይመጡ ነበር።» ከዚያ ወደኔ ዞረች። «የኔን ብነግራቸው ያስደበድበናል። ያንተን ነው የነገርኳቸው።»

ይህንን ነበር ስጠብቅ የኖርኩት። አስራ ሁለት ሰው እየሰማ፣ ስሜ ተጠርቶ፣ ሥራዬ ተመሰገነ። እኔ ግን የዳቦውን ጨርቅ መፍታት ያዝኩ።

አንድ ሽማግሌ ከጥግ ሆነው ዓይናቸውን ከኔ ላይ ሳይነቅሉ፣ «ቆይ ግን፣ ያን ቀን ስሙ እንዴት ተጠራ?» አሉ።

«ተዉት አባባ» አለች ሲስተር። «አፍ ነው፣ ያመልጣል። ሦስት ዓመት ሙሉ ሳያመልጠው ቆይቶ አንድ ቀን አመለጠው። አይደል እንዴ መርዳሳ?»

አሳየች ከሴቶቹ መሀል ታየኛለች።

«አዎ» አልኩ።

«በሉ ዳቦውን ቁረሱ» አለች ሲስተር።

ወደ ቤት ስንመለስም አሳየች ፊት ፊት ሄደች። ቀልድ የማታጣው ሴትዮ ከዚያን ቀን በኋላ በፊልሙ ላይ ቀልዳ አታውቅም።

ሲስተርን ወደ ሥራዋ አልመለሷትም። ሣራን ይዛ መቂ፣ እህቷ ጋ ሄደች። እዚያ አንድ ክፍል ተከራይታ መርፌ ትወጋለች፣ ቁስል ታጥባለች ሲሉ ሰማሁ። አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት፣ «ለበዓል እሄዳለሁ»፣ «ክረምቱ ይውጣ» እያልኩ አሳለፍኩ። በ79 ጥር ላይ ግን አንድ ጠዋት ተነስቼ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ለአሳየች «ሽንኩርት ልገዛ ነው» አልኳት። ከሞጆ ጀምሮ፣ ቆቃን አልፈን፣ ዓለም ጤና ላይ ሰው ሲወርድ ሲሳፈር፣ የምላትን ቃል በከንፈሬ ስደጋግም ነበር፤ «ሲስተር፣ አላመለጠኝም። አውቄ ነው ያልኩት።» ከጎኔ የተቀመጠችው ሴትዮ ጸሎት የማደርስ መስሏት ቦታ ለቀቀችልኝ።

ክፍሏን ለማግኘት አልተቸገርኩም። የሽንኩርትና የቲማቲም ጫኞች መኪና ከሚያቆሙበት ፊት ለፊት ነው፤ ውጭ ሰው ተሰልፏል። ተራዬ ደርሶ ስገባ ነጭ ጋውኗን ለብሳ መርፌ ትቀቅላለች።

«መርዳሳ! አካም ጅርታ! ምን አመጣህ? አመመህ እንዴ?»

ያ ሁሉ ልምምድ ከአውቶቡሱ ጋር አብሮ ሄዶ ነበር መሰለኝ።

«ወገቤን» አልኳት።

«ያ ማሽን ነው። ስታነሳው ስታስቀምጠው። በል ዙር፣ ሱሪህን ዝቅ አድርግ፤ ቫይታሚን ልውጋህ።»

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ወገቤ ምንም አልነበረውም። የስፒሪቱ ጥጥ ቀዘቀዘኝ፣ መርፌው ገባ። ውጭ ጫኞቹ «ያዝ! ወርውር!» ይባባላሉ።

«ሣራ እንዴት ናት?» አልኩ ለግድግዳው።

«ደህና ናት፣ አድጋለች። ሰባተኛ ክፍል ናት።» መርፌውን ሳትነቅል፣ «መርዳሳ፣ አትንቀሳቀስ። አንድ ነገር ልጠይቅህ።»

«ይጠይቁኝ።»

«ያን ቀን። አመለጠህ ነው?»

በዚያች ክፍል ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ከሳሽ የለም፣ ሽማግሌ የለም። ፊቷን እንኳ እንዳላይ አድርጋ ነው የጠየቀችኝ፤ አሁን ሳስበው ለኔ ብላ ነው። ከዚያ የቀለለ መንገድ ሰው ለሰው አይጠርግም። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የክትባት ሥዕል እስከ ዛሬ ማስታወስ እችላለሁ፤ ሕፃን የታቀፈች ሴት ናት፣ ጥጓ ተቀዷል።

«አመለጠኝ ሲስተር» አልኩ።

መርፌውን ነቀለችው። ጥጥ አድርጋ ቦታውን በአውራ ጣቷ ያዘችው፣ ረዘም ላለ ጊዜ።

«እኔም ለሣራ እንደሱ ብዬ ነው የነገርኳት» አለች። «እንደሱ አድርጋ ትወቀው። በል ልብስህን አስተካክል፣ ዛሬ ከባድ ነገር እንዳታነሳ።»

ስዞር ጀርባዋን ሰጥታኝ እጇን ትታጠብ ነበር።

«ቀጣይ ይግባ!» ብላ ተጣራች።

በር ላይ እግሩን በጨርቅ የጠቀለለ ጫኝ ቆሟል። አሳልፌው ወጣሁ፤ ወደ ናዝሬት የሚመለሰው አውቶቡስ ሊነሳ ረዳቱ ይጣራ ነበር።